ከአፕ ውስጥ ስቶር መክፈት፦ ጥያቄያችሁና መልሴ

ሰላም ቤተሰብ። ከአፓችሁ ውስጥ ፕሌይ ስቶርን ወይ አፕ ስቶርን በሊንክ ስለመክፈት ጥያቄ ያላችሁ ወርውሩ፣ እዚህ ቱሉ ዲምቱ መብራት እስካለ ድረስ እመልሳለሁ።

ከኮዬ ፈጬ፦ «አዲስ ቨርዥን ወጥቷል» የሚል በተን አለኝ፣ ሲነካ ፕሌይ ስቶር መክፈት አለበት። የኔ ስልክ ላይ ይሰራል፣ ጓደኞቼ ጋ ሲነካ ዝም ነው፣ ኤረርም የለው።

ጓደኞችህ አፑን በቴሌግራም ልከህላቸው ነው የጫኑት አይደል? አንተ ደግሞ ከፕሌይ። ኮድህ ሊንኩን ከመክፈቱ በፊት «የሚከፍተው አፕ አለ ወይ» ብሎ ይጠይቃል ማለት ነው፣ አፑን የጻፍከው በፍላተር ከሆነ ካን ላውንች ዩአርኤል፣ በኮትሊን ከሆነ ሪዞልቭ አክቲቪቲ በሚለው ትእዛዝ። ከአንድሮይድ 11 ጀምሮ አንድ አፕ ስልኩ ላይ ያሉትን ሌሎች አፖች እንደልቡ ማየት አይችልም፣ የጫነውን አፕ ግን ያያል፣ ስለዚህ ከፕሌይ የተጫነው ፕሌይን ያየዋል፣ ከቴሌግራም የመጣው ግን ፕሌይ ስቶር ስልኩ ላይ ቁጭ ብሎ እያለ «የለም» ይልሃል፣ «ካለ ክፈት» የሚለው ኢፍህም እዛው ያልቃል። ማኒፌስት (አፑ ስለራሱ ለስልኩ የሚያስታውቅበት ፋይል) ላይ ኩዌሪስ ብለህ ማየት የምትፈልገውን ብታስታውቅ ይስተካከላል፣ እኔ ግን የምመርጠው ጭራሽ አለመጠየቅ ነው። ዝም ብለህ ክፈት፣ አክቲቪቲ ኖት ፋውንድ (የሚከፍተው አልተገኘም) የሚል ኤረር ካመጣ ያዘውና ተራውን የድረገጽ ሊንክ ክፈት። ለመክፈት ማየት አያስፈልግም እኮ። አይፎንም ላይ ያው ነው፣ ካን ኦፕን ካልክ ስኪሙን (የሊንኩን መጀመሪያ ቃል) ኢንፎ ፒሊስት (የአይፎኑ ማኒፌስት) ላይ መዘርዘር አለብህ፣ ኦፕን ብቻ ካልክ አያስፈልግም።

ከጀሞ፦ በማርኬት የሚጀምረው ሊንክ ይሻላል ወይስ በኤችቲቲፒኤስ የሚጀምረው?

ኤችቲቲፒኤሱ። ማርኬት የሚለውን ሌሎች ስቶሮችም ስለሚቀበሉት አንዳንድ ስልክ ላይ «በየቱ ልክፈት» ብሎ ይጠይቃል፣ ወይ ሳይጠይቅ አፕህ የሌለበት ስቶር ውስጥ ይከትህና «አልተገኘም» ይላል። ኤችቲቲፒኤሱን ያዝና ኢንተንቱ (ስልኩን «ይሄን ክፈት» የምትልበት መልእክት) ላይ ሴት ፓኬጅ ብለህ የፕሌይ ስቶርን ፓኬጅ ስም (የአፑን ልዩ መለያ) ስጠው፣ ቀጥ ብሎ እዛው ይገባል። ጉግል ለሌላቸው የሁዋዌ ስልኮች የሁዋዌ ስቶር አፕጋለሪ ላይ አፕህ ካለ አፕማርኬት የሚል የራሱ ስኪም አለው።

ከገላን፦ ስቶሩ ይከፈታል ግን ገጹ የለም ይላል፣ አፑ ደግሞ ላይቭ ነው!

ዲበግ ቢልድ (የሙከራ ቅጂ) ላይ ነሽ። ፓኬጅ ስሙ መጨረሻ ላይ «ዲበግ» የሚል ጭራ ተቀጥሎበታል፣ አንቺ ደግሞ ስሙን ራን ሲያደርግ ከአፑ ነው የምትወስጂው። ዋናውን አይዲ በእጅሽ ጻፊው በቃ።

ከሰበታ፦ ልጄ እኔ ፕሮግራመር አይደለሁም፣ የሞባይል ጥገና ሱቅ ነው ያለኝ። ሰው ዳታ ስለሚወደድበት አፖችን ከኔ በኤፒኬ (በመጫኛ ፋይል) ይጭናል። ከዛ አፑ «አፕዴት አድርግ» ብሎ ስቶር ይወስዳቸውና እምቢ ይላል፣ ተመልሰው እኔ ጋ ነው የሚጣሉት።

ጋሼ እርስዎ ምንም አላጠፉም፣ ይሄ የዴቨሎፐሩ ስራ ነው። ዴቨሎፐሮች እዚህ ጋ በደንብ ስሙኝ፣ ብዙው ሰው የሚረሳው ይሄን ነው። ከኦገስት 2021 ጀምሮ አዲስ አፕ ፕሌይ ላይ የሚገባው በባንድል (ጉግል ለየስልኩ ኤፒኬ በሚያወጣበት ጥቅል ፋይል) ነው፣ ለተጠቃሚው የሚደርሰውን የሚፈርመው ደግሞ ጉግል ጋ ያለው ቁልፍ ነው። እናንተ ላፕቶፓችሁ ላይ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ማስገቢያ ቁልፍ (ወደ ፕሌይ ስትልኩ የምትፈርሙበት) ብቻ ነው። ከላፕቶፓችሁ ያወጣችሁትን ኤፒኬ በቴሌግራም ስትበትኑት ስሙ አንድ ፊርማው ሌላ የሆነ አፕ ነው የሚሆነው፣ አንድሮይድ ደግሞ ፊርማው ካልገጠመ አንዱን በሌላው ላይ አይጭንም፣ ስለዚህ ሊንካችሁ የፈለገውን ያህል ቢያምር ሰውየውን ወስዶ ግድግዳ ጋ ነው የሚያላትመው። መፍትሄው ፕሌይ ኮንሶል (የጉግል የዴቨሎፐር ገጽ) ገብታችሁ አፕ ባንድል ኤክስፕሎረር ውስጥ ዳውንሎድስ የሚለው ጋ በጉግል የተፈረመውን ዩኒቨርሳል ኤፒኬ አውርዳችሁ እሱን መበተን ነው። ለነጋሼም እሱን ስጧቸው። የድሮው የተጫነበት ሰው አጥፍቶ እንደገና ከመጫን ውጪ አማራጭ የለውም፣ ሲያጠፋ ዳታው አብሮ ይሄዳል፣ ሰርቨር ላይ ሳታስቀምጡለት «አጥፋው» አትበሉት፣ ግፍ ነው።

በነገራችን ላይ ድረገጻችሁ ላይ የሚነካ ሊንክ በቀጥታ አፑን እንዲከፍት አሴት ሊንክስ ፋይል ስታስቀምጡም የምትጽፉት የጣት አሻራ (የቁልፍ መለያ ኮድ) የዚሁ የጉግሉ ቁልፍ መሆን አለበት፣ የላፕቶፓችሁን ጽፋችሁ «ለምን አይሰራም» አትበሉኝ።

ከአያት፦ የውሃ ዴሊቨሪ አፕ አለን፣ ኮንዶሚኒየም ስር ያሉ ሱቆች ላይ ኪውአር እንለጥፋለን፣ የትኛው ሱቅ ሰው እንዳመጣ ማወቅ ይቻላል? ድሮ የፋየርቤዝ ዳይናሚክ ሊንክስ (እንደስልኩ አፑን ወይ ስቶሩን የሚከፍት የጉግል ሊንክ) ነበር የምንጠቀመው።

እሱ ኦገስት 25፣ 2025 ተዘግቷል፣ የድሮ ስቲከራችሁን ላጡት። አሁን ኪውአሩ ውስጥ የራሳችሁን ዶሜይን ሊንክ ክተቱ፣ ሰርቨራችሁ አይፎን ከሆነ ወደ አፕ ስቶር አንድሮይድ ከሆነ ወደ ፕሌይ ይምራው፣ ነገ አንዱ ሲቀየር ስቲከር ዳግም አታሳትሙም። የፕሌዩ ሊንክ ላይ ሪፈረር የሚል ትጨምሩና የሱቁን ኮድ ትሰጡታላችሁ፣ ኢንኮድ ማድረግ (ልዩ ምልክቶቹን ለሊንክ በሚሆን መልክ መቀየር) እንዳትረሱ። አፑ ሲከፈት በኢንስቶል ሪፈረር ላይብረሪ ታነቡታላችሁ፣ 90 ቀን ይቆያል፣ አንዴ አንብባችሁ አስቀምጡት። አይፎን ላይ አፑ ራሱ የሚያነበው እንደዚህ ያለ ነገር የለም፣ «ኮድ ካለህ አስገባ» የሚል ሳጥን ነው የሚያዋጣው።

ከለገጣፎ፦ አይፎን ላይ ሊንኩ ለኔ ይሰራል ለሌላው አይሰራም፣ ሲሙሌተር ላይማ ጭራሽ።

ሲሙሌተር ላይ አፕ ስቶር የለም፣ እውነተኛ ስልክ ተዋስ። ሌላው፣ ሊንክህ ውስጥ የአገር ኮድ ካለ አውጣው፣ ያኔ እያንዳንዱን ወደ ራሱ አካውንት አገር ይወስደዋል። እዚህ ብዙ አይፎን የያዘ ሰው አካውንቱ የአሜሪካ ምናምን ነው፣ ስለዚህ አፕ ስቶር ኮኔክት (የአፕል የዴቨሎፐር ገጽ) ላይ አፕህ የሚገኝባቸው አገሮች ውስጥ እነሱም መመረጣቸውን እይ።

ከቡራዩ፦ ዌብቪው (አፑ ውስጥ ድረገጽ የሚያሳይ መስኮት) ውስጥ የስቶር ሊንክ ሲነካ «የማይታወቅ ስኪም» ይላል።

ሹድ ኦቨርራይድ ዩአርኤል ሎዲንግ (ሊንክ ከመከፈቱ በፊት የሚጠራ ፈንክሽን) ውስጥ ያዘው፣ ኤችቲቲፒ ካልሆነ በኢንተንት ወደ ውጪ ላከው።

ከጀሞ፣ ድጋሚ፦ «ኮከብ ስጡን» የሚል በተንስ? አፑ ውስጥ ብቅ የሚለውን የኮከብ መስጫ መስኮት ልጠቀም?

በተን ላይ አታስረው። አንድሮይድ ላይ ኮታ አለው፣ ሰውዬው ተጭኖ ተጭኖ ምንም ላይመጣለት ይችላል። አይፎንም ላይ ለአንድ ሰው በ365 ቀን ከ3 ጊዜ በላይ አያሳይም። በተን ከሆነ የስቶር ሊንኩን ክፈት፣ አይፎን ላይ መጨረሻው ላይ አክሽን እኩል ይሆናል ራይት ሪቪው ብለህ ብትጨምር ቀጥታ መጻፊያው ጋ ያደርሰዋል። ብቅ የሚለውን ደግሞ ሰውዬው ትእዛዙ ቤቱ ደርሶለት ደስ ባለው ሰአት ጥራው፣ ገና አፑን ሲከፍት ፊቱ ላይ ከደቀንክበት አንድ ኮከብ ነው የምትበላው።