ፋኑን ከመፍታታችሁ በፊት፦ ለወጣት መካኒኮች

ይድረስ ሙያውን በመልመድ ላይ ላላችሁ ልጆቼ፣

የራዲያተር ፋን አልነሳ ሲል የጀማሪ እጅ የሚቀድመው የፋኑን ሞተር ለመፍታት ነው። ይፈታል፣ አዲስ ያስገዛል፣ ይገጥማል። መኪናው ግን እንደገና ይሞቃል፤ ባለንብረቱም ላልተበላሸ ዕቃ ገንዘቡን አውጥቷል። ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ መፍቻ ከማንሳታችሁ በፊት ኤሌክትሪኩ የት ደርሶ የት እንደቀረ እወቁ።

ከዚያም በፊት ጥፋቱ በእርግጥ የፋኑ መሆኑን አረጋግጡ። ሾፌሩን መኪናው መቼ እንደሚሞቅ ጠይቁት። መንገድ ተዘግቶ ሲቆም ሞቆ፣ መንገድ ሲለቀቅ የሚቀዘቅዝ ከሆነ ፋኑን ጠርጥሩ፤ መኪናው ሲሮጥ ነፋሱ የፋኑን ሥራ ይሠራለታል። በሩጫ ላይ ወይም ዳገት ሲወጣ የሚሞቅ ከሆነ ግን የተደፈነ ራዲያተር፣ አልከፍት ያለ ቴርሞስታት (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ መንገድ የሚከፍተው በር) ወይም የደከመ የውሃ ፖምፓ ፈልጉ።

ቀጥሎ ውሃውን እዩ፤ ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው ታዲያ። ሲሞቅ ውስጡ ወደ 1 ባር የሚጠጋ ግፊት ስላለ፣ ክዳኑ የተከፈተ እንደሆነ ውሃው ባንድ ጊዜ እንፋሎት ሆኖ ፊት ላይ ይፈነዳል። ውሃ ጎድሎ ወይም አየር ታምቆ ከሆነ የውሃውን ሙቀት የሚለካውን ሴንሰር የሚነካው ውሃ ሳይሆን እንፋሎት ይሆናል። ሞተሩ እየነደደ ሴንሰሩ ገና አልሞቀም ይላል፣ ፋኑም ትእዛዝ አያገኝም። የሙቀት ማብሪያው ራዲያተሩ ላይ በሆነበት መኪና ደግሞ ቴርሞስታቱ ካልተከፈተ ትኩሱ ውሃ ማብሪያው ጋ አይደርስም። የላይኛው ቱቦ ትኩስ፣ የታችኛው ቀዝቃዛ ሆኖ ካገኛችሁት ፋኑን ተዉት።

በሚጨስ ሞተር ግን ፋኑ ይነሳል ብላችሁ አትጠብቁ፤ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ይጣመማል። ጤነኛ መኪና ላይ ቴርሞስታቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ82 እስከ 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ መከፈት ይጀምራል፤ ፋኑ የሚነሳው ከ95 እስከ 105 ባለው ነው። ስለዚህ በ90 ዲግሪ ፋኑ ቆሞ ቢታይ ጥፋት አይደለም።

ኤሲ ያለው መኪና ፍተሻውን ያቀልላችኋል። ሞተሩን አስነሱና ኤሲውን ክፈቱ፤ ብዙ መኪና ላይ ፋኑ ወዲያው ይነሳል። ከተነሳ የፋኑ ሞተር ደህና ነው፣ ፍለጋው ወደ ሴንሰሩ ይሄዳል። ሁለት ፋን ካለው የትኛው እንደዞረ ልብ በሉ፤ የየራሳቸው ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ታዞ ትልቁን የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) ሊኖራቸው ይችላል። ካልተነሳ ደግሞ ቁልፉን አጥፉ፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉ፣ ክንፉን በእጃችሁ አዙሩት። ቁልፉ ጠፍቶም ፋኑ በድንገት ሊነሳ ስለሚችል ባትሪው ሳይነቀል እጅ አይገባም። ክንፉ ከተንገጫገጨ ወይም ከያዘ ጥፋቱ የፋኑ ሞተር ነው። መታ ሲደረግ ብቻ የሚነሳ የፋን ሞተር ካርቦኑ (ለሚዞረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያደርሰው ብሩሽ) አልቋል።

ፋኑ ባለ ሁለት ገመድ ከሆነ ሶኬቱን ነቅላችሁ፣ ባትሪውን መልሳችሁ፣ 30 አምፔር ፊውዝ ባለው ወፍራም ገመድ ከባትሪ በቀጥታ ስጡት። ገመዱን ካገለባበጣችሁት ወደ ኋላ ይዞራል፤ ከራዲያተሩ ጀርባ የተገጠመ ፋን አየሩን ወደ ሞተሩ መሳብ አለበት። ከሁለት በላይ ገመድ ያለው ግን መቆጣጠሪያ ሊኖረው ስለሚችል የገመዱን ንድፍ ሳታዩ ባትሪ አትስጡት።

አሁን ብዙዎች የሚሳሳቱበት ቦታ ደረስን። ሶኬቱ ተነቅሎ በቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ሲለካ 12 ቮልት ይታያል፤ “ኤሌክትሪክ አለ፣ ሞተሩ ነው የሞተው” ይባላል። ይህ ፍርድ ትክክል አይደለም። ቴስተሩ የሚስበው ኤሌክትሪክ ከምንም አይቆጠርም፤ ከገመዱ አንዲት ክር ብቻ ብትተርፍ እንኳ 12 ቮልቱን ታሳየዋለች። ፋኑ ግን 10፣ 20 አምፔር፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ ያቺ ክር ይህን አትሸከምም። ስለዚህ ሶኬቱ እንደተሰካ፣ ፋኑ እንዲሠራ ታዞ፣ ከሶኬቱ ጀርባ ለኩ። የቴስተሩን አንድ ጫፍ ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላውን የፋኑ ፖዘቲቭ ገመድ ላይ አድርጉ። ከ0.5 ቮልት በላይ ካነበባችሁ በዚያ መንገድ ላይ ኤሌክትሪክ የሚበላ ቦታ አለ። ከዚያ ኔጌቲቩን ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር እንዲሁ ለኩ። እዚህ ለምሳሌ 3 ቮልት ካያችሁ ጥፋቱ ማሳው (ኤሌክትሪኩ በቦዲው በኩል ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለስበት መንገድ) ነው፤ ቦዲው ላይ የታሰረበትን ቡሎን ፍቱ፣ ዝገቱንና ቀለሙን ብረቱ እስኪያበራ ፋቁት። ሶኬቱን ስትከፍቱም አረንጓዴ ዱቄት የያዘች ወይም ዙሪያዋ ያለው ፕላስቲክ ቡናማ ሆኖ የቀለጠ ጥርስ ፈልጉ። እሷን ትታችሁ ሞተር ብትቀይሩ አዲሱም ይቆማል።

ሪሌው ላይ 30፣ 85፣ 86፣ 87 የሚሉ ቁጥሮች ታገኛላችሁ። በ85 እና በ86 መካከል ያለው የሽቦ ጥቅል አብዛኛውን ጊዜ ከ50 እስከ 120 ኦም ያሳያል። “ቀጭ” ማለቱን ግን አትመኑ፤ ውስጡ ያለው መገናኛ ተቃጥሎም ቀጭ ይላል። ሪሌውን ነቅላችሁ በሶኬቱ ላይ 30ን ከ87 ጋር ፊውዝ ባለው ገመድ አገናኙ። ፋኑ ከዞረ መንገዱ ደህና ነው፤ የቀረው ሪሌው ወይም ትእዛዙ ነው። ቁልፉ ጠፍቶ አልቆም ያለ ፋን ደግሞ ብዙ ጊዜ መገናኛው የተጣበቀ ሪሌ ነው፤ ባትሪ ይጨርሳል።

ፊውዝ ከተቃጠለ የተቃጠለበት ምክንያት አለ፤ ወይ የፋኑ ሞተር ይዟል፣ ወይ ገመድ ተልጦ ቦዲ ነክቷል። 30 የነበረበት ላይ 40 አታስገቡ፣ ሽቦም አትጠምጥሙ። ያኔ የሚቃጠለው ገመዱ ራሱ ይሆናል፤ መኪናው ውስጥ ደግሞ ሰው አለ።

የሙቀት ሴንሰሩ ሲሞቅ ኦሙ ይቀንሳል፤ በብዙ መኪና በ20 ዲግሪ ከ2000 እስከ 3000፣ በ80 ዲግሪ 300 አካባቢ ነው። ሶኬቱን ስትነቅሉት ብዙ ኮምፒውተሮች ለጥንቃቄ ፋኑን ያስነሳሉ። ፋኑ በከፍተኛ ፍጥነት ብቻ የሚሠራ ከሆነ ዝቅተኛውን ፍጥነት የሚሰጠው ሬዚስተር ተበጥሶ እንደሆነ እዩ።

ጠግናችሁ ስትጨርሱ ኮፈኑን ዘግታችሁ አታስረክቡ። ኤሲውን አጥፍታችሁ ሞተሩን በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትሰጡ በዝቅተኛ ዙር) ተዉት፤ ፋኑ በራሱ ሲነሳ፣ ሲቆም፣ እንደገና ሲነሳና ሲቆም እዩ። ከዚያ ቁልፉን አጥፉ፣ ባትሪውን ንቀሉና ሶኬቱን በጣታችሁ ንኩት። ለብ ቢል ደህና ነው፤ ጣት የሚያስነሳ ከሆነ ግን መገናኛው አሁንም ደካማ ነውና ወደ ቴስተሩ ተመለሱ።