የሸክላ ድስት ሽሮ ከእሳት ወርዶም የሚንተከተከው፣ የድግስ ወጥ ደግሞ ፍሪጅ ገብቶም የሚበላሸው ለምንድን ነው?

ሰላም ለእርስዎ እህታችን። ሁለት ነገር ጠይቀዋል። አንደኛው፣ በሸክላ ድስት የሠሩት ሽሮ ገበታ ላይ ከቀረበ በኋላም ሲንተከተክ በአሉሚኒየም ድስት የሠሩት ግን ከምድጃ እንደወረደ ጸጥ የሚለው ለምን እንደሆነ ነው። ሁለተኛው፣ ከድግስ የተረፈ አንድ ትልቅ ድስት ምስር ወጥ ማታውን ፍሪጅ ገብቶ ሳለ በማግስቱ ለምን ኮምጥጦ እንደተገኘ ነው። በምግብ ቤትና በድግስ ማዕድ ቤቶች ለረጅም ጊዜ የሠራሁ ሰው ነኝ፤ ከልምዴ እንደተረዳሁት ሁለቱም ጥያቄዎች ወደ አንድ ጉዳይ ያመራሉ፤ ይኸውም ሙቀት በአንድ ነገር ውስጥ ለማለፍ የሚወስድበት ጊዜ ነው።

ከእኔ በፊት የመለሱት ወንድማችን «ሸክላ እሳት ስለሚስብ ነው» ብለዋል። ሸክላ ሙቀትን ይዞ ይቆያል ማለታቸው ከሆነ ትክክል ናቸው፤ ነገር ግን ሸክላ ሙቀትን ወደ ውስጥ በማሳለፍ ረገድ ከአሉሚኒየም እጅግ የዘገየ ነው፣ ልዩነቱም ከ100 እጥፍ ይበልጣል። ስሱ የአሉሚኒየም ድስት እሳት ላይ ሳለ በውጭኛውና በውስጠኛው የወለሉ ገጽ መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ከአንድ ዲግሪ እምብዛም አያልፍም። አንድ ሳንቲሜትር ያህል ውፍረት ያለው የሸክላ ድስት ግን ተመሳሳይ ሙቀት ለሽሮው ለማድረስ፣ ከእሳቱ በኩል ያለው ገጹ ከውስጠኛው ገጽ በ100 ዲግሪና ከዚያም በላይ መሞቅ ሊኖርበት ይችላል። ድስቱ ሲወርድ ታዲያ እሳቱ ቢለየውም በግድግዳውና በወለሉ ውስጥ የተከማቸው ሙቀት ወደ ሽሮው መጉረፉን ይቀጥላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ ሸክላው ከዚያ በላይ ትኩስ ሆኖ እስከቆየ ድረስ ሽሮው መንተክተኩን አያቆምም። የአሉሚኒየሙ ድስት ሙቀት ግን ከሽሮው ሙቀት ጋር ስለሚቀራረብ፣ ከእሳት እንደወረደ ለሽሮው የሚሰጠው ትርፍ ሙቀት የለውም።

ይህን ማወቅ ለሥራ ይጠቅማል። በሸክላ ሲሠሩ ሽሮው ሙሉ በሙሉ እስኪበስል መጠበቅ አያስፈልግዎትም፤ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ቢያወርዱት የቀረውን ድስቱ ራሱ ይጨርሰዋል፤ መከለሻውንና ቅቤውንም በዚያን ጊዜ ቢጨምሩት መዓዛው ከእንፋሎት ጋር ሳይጠፋ ይቀራል። ሽንኩርት ማቁላላት ግን ሌላ ነገር ነው። ሽንኩርቱ ሊያር ሲል የአሉሚኒየሙን ድስት ከእሳት ማውረድ ብቻ ያድነዋል፤ የሸክላውን ድስት ቢያወርዱት ግን ማረሩ ይቀጥላል፤ በዚያን ጊዜ የሚያድነው ጠብ የሚደረግ ውሃ ነው። ስለዚህ እኔ ቁሌቱን በብረት ድስት ጨርሼ ወደ ሸክላ መገልበጥን እመርጣለሁ፤ ሸክላውን ግን አስቀድሜ አሞቀዋለሁ። በቀዝቃዛ ሸክላ ላይ የተገለበጠ ቁሌት ድስቱ እስኪሞቅ ድረስ ይቀዘቅዛልና።

አሁን ወደ ምስር ወጡ ልምጣ፤ ይህ የጤና ጉዳይ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። እንደ ሻይና እንደ ሾርባ ያለ ቀጭን ነገር ሲቀዘቅዝ፣ ዳር ዳሩ የቀዘቀዘው ወደ ታች ይወርዳል፣ የሞቀው ከመሀል ይወጣል፤ በዚህ ዝውውር ሙቀቱ ቶሎ ይወጣል። ምስር ወጥ፣ ሽሮና ገንፎ ግን ወፍራም ስለሆኑ አይዘዋወሩም፤ መሀል ያለው ሙቀት ቀስ በቀስ ወደ ዳር መጓዝ አለበት። የዚህ ጉዞ ጊዜ ከጥልቀቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ጥልቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ጊዜው አራት እጥፍ ገደማ ይሆናል። 20 ሳንቲሜትር ጥልቀት ያለው ድስት ወጥ ፍሪጅ ውስጥ ሲያድር ዳሩ ቢቀዘቅዝም መሀሉ ለብዙ ሰዓት ለብ ብሎ ይቆያል። በእህልና በጥራጥሬ ላይ ከሚገኙት ባክቴሪያዎች አንዳንዶቹ መፍላትን ተቋቁመው ይተርፋሉ፤ የሚራቡትም እንደዚያ ለብ ባለ ምግብ ውስጥ ነው። ያኮመጠጠውም ይኸው ነው። በሙያችን የምንከተለው ደንብ፣ የበሰለ ምግብ ከ57 ዲግሪ ወደ 21 ዲግሪ በ2 ሰዓት፣ ከዚያም ወደ 5 ዲግሪ በተከታዮቹ 4 ሰዓታት ውስጥ እንዲወርድ ያዛል። ትልቅ ድስት እንዳለ ተዘግቶ ፍሪጅ ቢገባ ይህን ደንብ ሊያሟላ አይችልም፤ ጭራሽ አጠገቡ ያለውን ወተትና ሥጋ ያሞቃል።

ምን ይደረግ? ወጡን ከ5 ሳንቲሜትር በማይበልጥ ጥልቀት ሰፋ ባሉ የብረት ትሪዎች ወይም ዕቃዎች ያከፋፍሉት። ዕቃዎቹን ቀዝቃዛ ውሃ በያዘ ሳፋ ውስጥ አስቀምጠው እያማሰሉ ያቀዝቅዙት፤ ውሃው ሲሞቅ ይለውጡት። ውሃ ሙቀትን ከአየር 20 እጥፍ በላይ በተሻለ ያስተላልፋል፤ ስለዚህ ሩብ ሰዓት በሳፋ ውስጥ እየተማሰለ መቆየቱ ጠረጴዛ ላይ ለረጅም ሰዓት ከመቆየት ይበልጣል። ማማሰሉን አይተዉት፤ ወጡ በራሱ ያልቻለውን ዝውውር የሚሰጠው ማማሰያው ነው። ክዳኑን ግጥም አድርገው የሚዘጉት ወጡ ከቀዘቀዘ በኋላ ይሁን፤ እንፋሎት ሲወጣ ብዙ ሙቀት ይዞ ይሄዳል፣ እስከዚያው ግን ንጹሕ ስስ ጨርቅ ጣል ያድርጉበት።

የሸክላውን ድስት ግን ትኩስ እንደሆነ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በፍጹም አያስቀምጡት። ሙቀት በውስጡ ቀስ ብሎ ስለሚያልፍ ውጭው በድንገት ሲቀዘቅዝና ሲኮማተር ውስጡ ገና ትኩስ ስለሆነ ድስቱ ይሰነጠቃል። በሸክላ የተሠራ ሽሮ ከተረፈ መጀመሪያ ወደ ሌላ ዕቃ ይገልብጡት፤ ሽሮውን ሲያንተከትክ የነበረው ሸክላ አሁን እንዳይቀዘቅዝ ይይዘዋል።

በማግስቱ ሲያሞቁትም ቀዝቃዛና ወፍራም ወጥ በኃይለኛ እሳት ላይ ከተጣደ ታቹ ያራል፣ መሀሉ ግን ቀዝቃዛ ይቀራል። ጥቂት የፈላ ውሃ ጨምረው ያቅጥኑት፣ በመጠነኛ እሳት ላይ እያማሰሉ ያሙቁት፣ ዳር ዳሩ ብቻ ሳይሆን መሀሉም እስኪንተከተክ ድረስ አያውርዱት። የሚያስፈልግዎትን ያህል ብቻ ቀንሰው ያሙቁ፤ የቀረውን ከፍሪጅ አያውጡት።