ጥያቄና መልስ፦ በ37ኛው መስመር ላይ የጠፋ አባት ፍለጋ

ልጅ ሳለሁ ያየሁት ፊልም ነው። እህትና ወንድም በጠርሙስ የተገኘ ደብዳቤ ይዘው የጠፋ አባታቸውን ፍለጋ ዓለምን ይዞራሉ። ርዕሱ ምንድን ነው?

ባለ ቀለምና በእንግሊዝኛ ከነበረ «ኢን ሰርች ኦቭ ዘ ካስታዌይስ» ነው፤ ዲዝኒ በ1962 እ.ኤ.አ. ያወጣው፣ ሮበርት ስቲቨንሰን ያዘጋጀው። ልጅቷ ሄይሊ ሚልስ ናት፤ ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ደግሞ ሞሪስ ሸቫልዬ። ጥቁርና ነጭ ሆኖ ሩሲያኛ የሚነገርበት ከነበረ ግን ያዩት የ1936ቱን የሶቪየት ፊልም ነው። ሁለቱም የተቀዱት ከዡል ቨርን «የካፒቴን ግራንት ልጆች» ነው።

ደብዳቤው እጃቸው ላይ እያለ ለምን በቀጥታ ወደ አባታቸው አይሄዱም?

ግማሹን ብቻ ስለነገራቸው። በመጽሐፉ ወረቀቱን የባሕር ውኃ በልቶታል፤ ኬክሮሱ 37 ዲግሪ ደቡብ መሆኑ ይነበባል፣ ኬንትሮሱ ጠፍቷል። ያለ ኬንትሮስ የቀራቸው ምድርን የሚዞር፣ 32,000 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም መስመር ነው። ደግነቱ አብዛኛው ውቅያኖስ ነው። ሰፊ የብስ የሚያገኘው ቺሊና አርጀንቲና፣ ከሜልበርን በስተሰሜን ያለው የአውስትራሊያ ጥግ እና የኒውዚላንድ ሰሜናዊ ደሴት ላይ ነው። የፊልሙ ጉዞም ይህንኑ ቅደም ተከተል ይከተላል።

በዚያ ዘመን ለመርከበኛ ኬክሮስ ማግኘት አያስቸግርም ነበር፤ በቀትር የፀሐይን ከፍታ በሴክስታንት ለክቶ ከሠንጠረዥ ጋር ያመሳክራል። ለኬንትሮስ ግን የማይዛነፍ ሰዓት ያስፈልጋል፦ የ4 ደቂቃ ስሕተት የ1 ዲግሪ ስሕተት ነው፣ በዚያ መስመር ላይ 89 ኪሎ ሜትር ያህል። ከልጆች ጋር ሲያዩ ሉል ካለዎት በ37 ደቡብ ላይ ክር ይጠምጥሙበት፤ ታሪኩ ወዲያው ይገባቸዋል።

ተራሮቹን አንዲስ ድረስ ሄደው ነው የቀረጹት?

ፊልሙ የተሠራው ለንደን አጠገብ ባለው ፓይንውድ ስቱዲዮ ነው። የሚያዩት ሰፊ ተራራ በአብዛኛው ሥዕል ነው፤ የፒተር ኤለንሾ እጅ። ከተለመዱት ዘዴዎች አንዱ እንዲህ ነው፦ ተዋንያኑ ትንሽ መድረክ ላይ ይቀረጻሉ፤ ተራራው የሚገባበት የምስሉ ክፍል ካሜራው ፊት በጥቁር ይሸፈናል፣ የፊልሙ ያ ክፍል ብርሃን ሳይነካው ይቀራል። ሠዓሊው ተራራውን መስታወት ላይ ይሥልና የተዋንያኑን ቦታ በተራው ጥቁር ያደርገዋል። ከዚያ ያው ፊልም ወደ ኋላ ተጠቅልሎ ሥዕሉ ይቀረጽበታል።

ካሜራው ከሁለቱ ቀረጻ በአንዱ በፀጉር ስንጥቅ ያህል ከተነቃነቀ መጋጠሚያው ይንቀጠቀጣል። የጥላ አቅጣጫ ካልገጠመም ዓይን ቶሎ ይነቃል። ካሜራው ድርቅ ብሎ ቆሞ፣ ሰዎቹ በምስሉ አንድ ጥግ ብቻ ሲንቀሳቀሱና ሌላው ሁሉ ነፋስ የማይነካው ሲሆን፣ ሥዕል ነው ብለው ይጠርጥሩ። እኔን ከዘንድሮ የኮምፒውተር ተራራ ይልቅ ይህ ይማርከኛል።

ፊልሙ ላይ እንደሚታየው ኮንዶር የተባለው የአንዲስ ትልቅ አሞራ ልጅ አንጠልጥሎ መብረር ይችላል?

አይችልም። ክንፉ ሲዘረጋ 3 ሜትር ያልፋል፣ ክብደቱም 15 ኪሎ ሊደርስ ይችላል፤ ነገር ግን ጥንብ በል ነው፣ እግሩ ለመራመድ እንጂ ለመጨበጥ አልተፈጠረም። ቨርንም በመጽሐፉ ኮንዶር ልጅ አንጠልጥሎ ሲበር ስለጻፈ ዲዝኒን ብቻ አይውቀሱ።

ለአምስት ዓመት ልጅ ይሆናል?

የመሬት መንቀጥቀጡና እሳተ ገሞራው ሊያስፈራው ስለሚችል አብረውት ይቀመጡ። 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያህል ስለሆነ ደቡብ አሜሪካ ሲያልቅ ቢያቋርጡት ይሻላል። የኒውዚላንድ ነባር ሕዝብ የሆኑትን ማኦሪዎች ሰው በላ አድርጎ ማሳየቱ ነውር ነው፤ ይህንንም ለልጁ ይንገሩት።

የሠራሁት የአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ መጀመሪያ ላይ ይገጥማል፣ እየቆየ ግን ከንግግሩ ይዘገያል። ለምን?

ጽሑፉን የሠሩት በሰከንድ 24 ፍሬም በሚሄድ ቅጂ ላይ ሆኖ፣ አሁን የሚያጫውቱት እንደ አውሮፓ ዲቪዲ 25 ፍሬም ሳይሆን አይቀርም። ባለ 25 ፍሬሙ ቅጂ በ4 በመቶ ይፈጥናል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ልዩነቱ 2 ደቂቃ ተኩል ይጠጋል። ሁሉንም በእኩል ወደ ፊት መግፋት አይረዳም፤ እያንዳንዱ ጽሑፍ የሚታይበትንና የሚጠፋበትን ሰዓት በ0.96 ያባዙ፣ የግርጌ ጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራሞች በአንዴ ይሠሩታል። ፊደሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ከመጣ ፋይሉን በዩቲኤፍ-8 እንደገና ያስቀምጡት። ባዶ ሳጥን ከሆነ ግን ችግሩ የፊደል ቅርጹ ስለሆነ በማጫወቻው ቅንብር ውስጥ ኒያላን ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ይምረጡ።