ሲስተርን ጠይቁ፦ እንቅልፍ እምቢ ላላችሁ

ሲስተር፦ ደህና አመሻችሁ፣ ባሕር ዳሮች። በቃሌ መሠረት ከምሽቱ 1 እስከ 3 ሰዓት የእንቅልፍ ጥያቄያችሁን እዚሁ ልመልስ አለሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ ብዙ ዓመት ሌሊት የሠራሁ ነርስ ነኝ። የእንክብል ስም ጠርቶ «ልዋጠው ወይ?» ለሚለኝ መልስ የለኝም። ጀምሩ።

ጥበቃው (ዓባይ ማዶ)፦ ሲስተር፣ አንድ ሳምንት ቀን፣ አንድ ሳምንት ሌሊት ነው የምሠራው። ጠዋት ገብቼ ስጋደም ዓይኔ ፍጥጥ ይላል። ሌሊት ደግሞ ሥራ ላይ ያንጎላጀኛል።

ሲስተር፦ ይሄ የኔው ጥያቄ ነው። አእምሯችን ውስጥ፣ የሁለቱ ዓይን ነርቮች ከሚሻገሩበት በላይ፣ 20 ሺህ ገደማ ሴሎች ያሉት ሰዓት አለ። ለብቻው ከተተወ ዙሩ ከ24 ሰዓት ትንሽ ይረዝማል። በየቀኑ የሚያስተካክለው በዋናነት ብርሃን ነው። አንተ ጠዋት ወደ ቤት ድልድዩን ስትሻገር ፀሐይ ፊት ለፊትህ ነች። ሰዓትህ «ነጋ» ይላል፣ አንተ «መሸ» ልታሰኘው ትታገላለህ። በእግርህ ከሆነ የምትገባው ኮፍያና ጥቁር መነጽር አድርግ። መስኮትህን ጨርሶ አጨልመው። እኔ ከመጋረጃው ስር ጥቁር ላስቲክ ስለጥፍ ጎረቤቴ «ማን ሞቶባት ነው?» ብላ እንጀራ ይዛ መጣች። እንጀራውን በልቼ ተኛሁ። ቡናህን ከሌሊቱ 7 ሰዓት በፊት ጨርስ። ሥራ ከመግባትህ በፊትም ትንሽ ሸለብ አድርግ። ሙሉ በሙሉ እንደማትለምደው ግን እወቅ፤ ሰውነትህ መላመድ ሲጀምር ፈረቃው ይቀየራል።

ናቲ፦ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ምን ላድርግ?

ሲስተር፦ ከመቼ ጀምሮ? ስንት ሰዓት ትተኛለህ? ስንት ሰዓት ትነሳለህ?

የልጆች እናት (ሽምብጥ)፦ ማታ 12 ሰዓት ላይ ቡና እናፈላለን። እኔ ምንም አይለኝም፣ እተኛለሁ። ሌሊት ግን ሦስት አራቴ እነቃለሁ።

ሲስተር፦ «ምንም አይለኝም» ብለሽ ሦስት አራቴ ነቃሽ? ቀኑን ሙሉ ነቅተሽ ስትውይ አእምሮሽ ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ነገር ይጠራቀማል፤ ድካም ድካም የሚልሽ እሱ ነው። ቡናው ውስጥ ያለው ካፌይን መቀመጫውን ይይዝበታል። ድካሙ አልሄደም፣ ቆሞ ይጠብቃል። ካፌይኑ በግማሽ ለመቀነስ ደግሞ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። የ12 ሰዓቱ ቡና ግማሹ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ አብሮሽ ተኝቷል። ጀበናውን ወደ ረፋድ አዙሪው።

ባለጀልባው፦ የዘጌ ቡና ከሆነ ግን አይነካም። ጥላ ስር ያደገ ነው፣ ለስላሳ ነው።

ፋሲሎ፦ ማን አለህ? እኔ የዘጌ ጠጥቼ ኮርኒስ ስቆጥር አድሬአለሁ።

ባለጀልባው፦ አቦሉን ጠጥተህ ነዋ! በረካ ብቻ ጠጣ። ደግሞ የዘጌ ቡና የአቡነ በትረ ማርያም በረከት ነው ሲባል አልሰማህም?

ፋሲሎ፦ በረከቱን ማን ካደ? የቆላኸው አንተ ነህ።

ሲስተር፦ ካፌይን የትውልድ ቦታ አይጠይቅም። በረካው ከአቦሉ ይቀጥናል፣ እሱ እውነት ነው። ወደ ጥያቄያችን።

አባባ (ጣና)፦ ልጄ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ሲሆን ነቅቼ እቀራለሁ። በሽታ ይሆን?

ሲስተር፦ አባባ፣ ስንት ሰዓት ይተኛሉ?

አባባ (ጣና)፦ እራቴን በልቼ 2 ሰዓት።

ሲስተር፦ እንግዲህ ሙሉ ሰባት ሰዓት ተኝተዋል እኮ! ዕድሜ ሲገፋ ያ የአእምሮ ሰዓት ወደ ፊት ይቀድማል። መቆየት ከፈለጉ አመሻሹ ላይ ውጭ ብርሃን ላይ ተቀምጠው እስከ 4 ሰዓት ይግፉት።

አባባ (ጣና)፦ ታዲያ ሰዓታቱ አያመልጠኝም?

ሲስተር፦ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ? እንግዲያው ምንም አይንኩ።

ተማሪዋ፦ ዱካክ ይይዘኛል። እነቃለሁ፣ መንቀሳቀስ አልችልም፣ ደረቴ ላይ ሰው የተቀመጠ ይመስለኛል። እናቴ ትራስሽ ስር ቢላ አድርጊ ትላለች።

ሲስተር፦ ቢላውን ኩሽና መልሺው፣ እጅሽን ይቆርጥሻል። ሕልም ስናይ ሰውነታችን ሕልሙን እንዳይሠራው ጡንቻው ይዘጋል። አንዳንዴ አእምሮ ቀድሞ ይነቃና ጡንቻው ገና ተዘግቶ ይቆያል። ሕልሙም አላለቀም። ዱካክሽ ያ ነው። ያስፈራል፣ አይገድልም። እንቅልፍ ያጣ ሰውና በጀርባው የሚተኛ ሰው ላይ ይበዛል። ለፈተና ስታድሪ አይደል የሚመጣብሽ? ጸበሉንም አልከለክልሽም። የመነሻ ሰዓትሽን ግን አንድ አድርጊው።

ፋሲሎ፦ ዲያዜፓም የሚባል የሚያረጋጋ እንክብል ጓደኛዬ ሰጥቶኝ ነበር፣ ግማሹን ብወስድስ?

ሲስተር፦ መጀመሪያ ላይ ምን ብዬ ነበር? ሐኪም ያላዘዘልህን አትዋጥ። ሱስ ያስይዛል፣ ከአረቄ ጋር ከሆነ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል።

ሚስት፦ ባሌ ያንኮራፋል፣ መፍትሔ ካለ?

ሲስተር፦ ትንፋሹ ቆም ቆም የሚል ከሆነ ሐኪም ይየው። ካልሆነ በጎኑ አስተኚው።

ባለሱቁ፦ ሁልጊዜ እንቅልፍ እንዲመጣላችሁ ጠዋት ጠዋት ጣና ዳር ውጡ፣ ብርሃን እዩ ትያለሽ። ቤቴ ደማቅ አምፖል አለ፣ አይበቃም?

ሲስተር፦ አይበቃም! ቤት ውስጥ ያለው ብርሃን ቢበዛ ጥቂት መቶ ሉክስ (የብርሃን መለኪያ) ነው። ውጭ፣ በደመናማ የነሐሴ ጠዋት እንኳ፣ በሺዎች ይቆጠራል። ዓይናችን ደማቅ ነው ብሎ ይሸወዳል፣ የአእምሯችን ሰዓት ግን አይሸወድም። እኛ አገር ደግሞ ሰዓቱ ራሱ ከንጋት ይቆጠራል። 12 ሰዓት ሲል ነግቷል ማለት ነው። ባሕር ዳር ላይ በሰኔና በጥር መካከል የፀሐይ መውጫ ልዩነት አንድ ሰዓት አይሞላም። አውሮፓ ያለ ሰው በክረምት ጨለማ ውስጥ ወደ ሥራ ይሄዳል፣ ለእኛ ይህ ሁሉ ብርሃን በነፃ ተሰጥቶን አልጋ ላይ ስልክ እናበራለን። ታንኳ ይዞ የሚወጣውን ዓሣ አጥማጅ እዩት። ስለ እንቅልፍ ምንም ሳያነብ በ12 ሰዓት ውሃ ላይ ነው። ግማሽ ሰዓት ውጡ፣ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ተነሱ፣ እሑድም ጭምር። የመተኛውን ሰዓት አታባርሩት፣ ራሱ ይመጣል።

ባለጀልባው፦ ይሄ ሳይንስ ነው ወይስ የአያት ምክር?

ሲስተር፦ በ2017 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሦስት አሜሪካውያን ለሰውነት ሰዓት ምርምር ኖቤል ወስደዋል። ያጠኑት የፍራፍሬ ዝንብ ነው።

ፋሲሎ፦ ለዝንብ ኖቤል? እኛ ቤት ብቻ ሦስት ኖቤል ይበራል።

ናቲ፦ ሲስተር አልመለሱልኝም። እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ሲስተር፦ ናቲ፣ ሦስት ጥያቄ ጠይቄህ ነበር። ወደ ላይ ውጣና አንብብ። እስከዚያው ግን ሃያ ደቂቃ ያህል ተገላብጠህ ካልወሰደህ ከአልጋ ውረድ፣ ደብዘዝ ባለ ብርሃን ተቀመጥ፣ ሲመጣ ተመለስ። በሳምንት ሦስት ሌሊት፣ ሦስት ወር ከቆየብህ ሐኪም ጋ ሂድ። 3 ሰዓት ሆነ፣ ስልኬን ዘጋሁ። ደህና እደሩ።

ናቲ፦ የምተኛው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ነው፣ የምነሳው እንደ ሁኔታው። ሲስተር? አሉ?

ባለጀልባው፦ ናቲ፣ የዘጌ ሞክረሃል?