«ተጠባባቂ ገንዘብ» ወይስ «መጠባበቂያ ገንዘብ»?

ጥያቄ፦ በዓመታዊ ሪፖርታችን ላይ ከትርፉ ተቀንሶ ላልታሰበ ወጪ የተያዘውን፣ እንግሊዝኛው «ሪዘርቭ» የሚለውን፣ «ተጠባባቂ ገንዘብ» ብዬ ጻፍሁ። አንዲት ባልደረባዬ «መጠባበቂያ ነው የሚባለው» አሉኝ። ኃላፊያችን ደግሞ ሁለቱንም ሰርዘው «ወደ ጎን የተደረገ ገንዘብ» አሉት። የቱ ነው ልኩ? ቆጠበ፣ መደበ፣ አስያዘ፣ አቆየ የሚሉትስ ሁሉም አንድ አይደሉምን?

መልስ፦ ልክ ባልደረባዎ ናቸው። ከሦስቱ የከፋው ግን የኃላፊዎ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። በአማርኛ ወደ ጎን የተደረገ ነገር ችላ የተባለ ነገር ነው። «ምክሬን ወደ ጎን ትቶ ሄደ» ስንል አልሰማኝም ማለታችን ነው እንጂ ለክፉ ቀን አኖረው ማለታችን አይደለም። ገሸሽ ማድረግም ያው ነው። ገለል ማድረግ ዕቃን ከመንገድ ማንሣት ነው፤ ለነገ ማሰብ የለበትም። ሪፖርቱን ያነበበ ባለአክሲዮን «ገንዘቤን ለምን ወደ ጎን ጣላችሁት?» ቢል አይፈረድበትም።

ወደ እርስዎ ቃል ልምጣ። ተጠባባቂም መጠባበቂያም የሚወጡት ከተጠባበቀ ነው። ተጠባባቂ ሣልስ ቅጽል፣ ማለት እንደ «ቂ» ባለ ሦስተኛ ፊደል የሚያልቅ ቅጽል ነው፤ የሚጠባበቀው ማን እንደሆነ ይናገራል። መጠባበቂያ ግን በመ- ተነሥቶ በ-ያ የሚዘጋ የመሣሪያ ስም ነው፤ በምን እንደምንጠባበቅ ይናገራል። ክፉውን ቀን የምንጠባበቀው እኛ ነን፤ ገንዘቡ መሣሪያችን ነው። ስለዚህ ተጠባባቂ ተጫዋች፣ ተጠባባቂ ኃይል፤ ነገር ግን መጠባበቂያ ገንዘብ፣ መጠባበቂያ ቅጂ።

ይህን ስል የሚነሣብኝን ክርክር አውቀዋለሁ። «ባንክ ያለውን ገንዘብ ተቀማጭ ትሉት የለም ወይ? ተቀማጭም ሣልስ ቅጽል ነው፤ ጢው ጭ ሆኖ ነው እንጂ። ገንዘብ መቀመጥ ከቻለ መጠባበቅ ምን ከለከለው?» ይላሉ። ክርክሩ ቀላል አይደለም። የእኔ መልስ፣ ለመቀመጥ ዐይን አያስፈልግም፤ ድንጋይም ይቀመጣል። መጠባበቅ ግን የሚመጣውን ማየት ይፈልጋል የሚል ነው። መብራት ሲጠፋ ማንም ሳይነካው የሚነሣውን ጄኔሬተር ሕዝቡ «ተጠባባቂ» ካለው ቆይቷል፤ እሱንስ እሺ፣ የሚጠባበቅ ይመስላል። ገንዘቡን ግን አልለቅም፤ «ተጠባባቂ ገንዘብ» የሚል ጽሑፍ ዐልፎ ዐልፎ እንደሚያጋጥም ባውቅም።

ሥሩ ጠበቀ መሆኑ ሌላ ጣጣ አለው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ፣ ብ ጠብቃ የምትነበበው «ጥብቅ ደን» እና ብ ላልታ የምትነበበው «ጥብቅ ትእዛዝ» በጽሑፍ አንድ ናቸው። የመጀመሪያው የተጠበቀ፣ ሁለተኛው የጠበቀ ነው። በየመጽሐፉ ሽፋን ጀርባ «መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው» የሚለውም ከመጀመሪያው ወገን ነው። እዚያ ላይ «የተያዘ» ወይም «የተቀመጠ» ቢባል ምን ያህል እንደሚያስቅ ያስቡት፤ እንግሊዝኛው ግን ለገንዘቡም ለደኑም ለመብቱም ያንኑ «ሪዘርቭ» ይጠቀማል።

ሌሎቹን ግሶች ስፈትሽ ሁልጊዜ የሚገርመኝ መቀመጫ ላይ መገናኘታቸው ነው። አስቀመጠ በግልጽ ከተቀመጠ ነው። አኖረም እንዲሁ፤ በግዕዝ ነበረ ማለት ተቀመጠ፣ አንበረ ማለት አስቀመጠ ነው፤ መንበርም ከዚያው ነው። አማርኛ ብን ውጦ ነበረን ኖረ፣ አንበረን አኖረ አደረገው። መደበም ጎረቤቱ መደብ ነው፤ ግድግዳ ተጠግቶ በጭቃ የሚሠራው መቀመጫ። ስሙ ይቅደም ግሱ አልከራከርም፤ ለእኔ ግን ገንዘብ መመደብ ለገንዘቡ የራሱን መደብ መስጠት ነው። ይህ ለሪፖርትዎ አያስፈልግም፤ ዐልፌው መሄድ ግን አልቻልሁም።

የሚያስፈልገዎ ልዩነታቸው ነው። ቆጠበ ዋና ነገሩ እጅን መሰብሰብ ነው። «ውኃ ቆጥቡ» የተባለ ሰው ባልዲ ሞልቶ አያስቀምጥም፤ ቧንቧውን ይዘጋል። «ከመናገር ተቆጠበ» ውስጥም የተጠራቀመ ነገር የለም። መደበ ዓላማው የታወቀ ነው፦ ለሥልጠና፣ ለጥገና። ዓላማው ሳይታወቅ «የተመደበ ገንዘብ» ከተባለ አንባቢ «ለምን?» ብሎ ይጠይቃል። መጠባበቂያ የሚባለው ምን እንደሚመጣ ሳናውቅ የያዝነው ነው። የስብሰባ አጀንዳ ሲሆን ደግሞ «በይደር ተያዘ» የሚል የሚያምር አነጋገር አለን፤ «ይደር» የሚለው ትእዛዝ ራሱ ስም ሆኖ። ዛሬ ዛሬ «ለሌላ ጊዜ ተላለፈ» እየተካው ነው፤ ስሕተት አይደለም፣ ጣዕም የለውም እንጂ።

አስያዘ ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ክፍል አስያዝሁ» ሲባል ማደሪያ አገኘሁ ነው፤ «ቤቴን አስያዝሁ» ሲባል ግን ቤቱ የብድር ዋስትና ሆኗል። «ሌባውን አስያዝሁ»ማ ሌላ ነው። ስለዚህ አዳራሽ ለስብሰባ ያስያዘ ሰው «አዳራሹን አስይዘናል» ብቻ ብሎ ቢጽፍ፣ የአዳራሹ ባለቤት እሱ ከሆነ ሒሳብ ሹሙ ይደነግጣል። ቀኑንና ለምን እንደሆነ ይጨምርበት።

በንግግር ግን ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጠው በግሱ ጅራት ያለችው ል ናት። ያዝልኝ፣ አቆይልኝ፣ አኑርልኝ፣ አስቀምጥልኝ። ለማን እንደሆነ የምትናገረው እሷ ናት። «ወንበሩን ያዘልኝ» ብል ባለውለታዬ ነው፤ «ወንበሩን ያዘብኝ» ብል ቆሜ ቀርቻለሁ። አንዲት ፊደል ናት የለየቻቸው። ተርጓሚዎች ይህችን ል ጥለው «ሪዘርቭ አደረገ» ሲሉ፣ ወንበሩ ለማን እንደተያዘ ለመናገር «ለእኔ» የሚል ቃል መጨመር ግድ ይሆንባቸዋል። «ሪዘርቭ አደረገልኝ» የሚለው ትውልድ ቢያንስ ልን አልጣላትም፤ ይህን ያህል አመሰግነዋለሁ።

በሪፖርት ውስጥ ል ቦታ የላትም፤ ሥራዋን የሚሠራው ለ- ነው። ዐረፍተ ነገርዎን እንዲህ ያስተካክሉት፦ «ከዓመቱ ትርፍ ላይ ላልታሰበ ወጪ መጠባበቂያ የሚሆን ገንዘብ ተይዟል።» ኃላፊዎ ጎኑን ካልተዉ «ተለይቶ ተቀምጧል» ይበሏቸው፤ መለየት ውስጥ እሳቸው የፈለጉት ጎን አለ።