የሌዘር ማሽን ላይ ልግባ ወይስ ልተወው?

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን በብረታ ብረት ሥራ ደረጃ 3 ጨርሻለሁ። አንድ ወርክሾፕ ላሜራ በሚቆርጥ የሌዘር ማሽን ላይ ሊቀጥረኝ ነው። ባለቤቱ «ጨረሩ አይታይም፣ እንደ ብየዳ ዓይን አይመታም» አለኝ። እናቴ ግን ፈርታለች። ልግባ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንኳን ደስ አለህ። ይህን ማሽን የለመደ ልጅ ሥራ አያጣም። የባለቤቱ ንግግር ላይ ግን ትንሽ ልቆይ። «አይታይም» ያለው እውነት ነው። ችግሩም እሱ ነው።

ብየዳ ዓይንህን ሳይመታህ አልቀረም። ማታ አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁራል፣ ያስነባል፣ እንቅልፍ ይነሳል። በአንድ ሁለት ቀን ግን ይለቅሃል፤ የተጎዳው የዓይን የፊት ሽፋን ነዋ። ላሜራ የሚቆርጠው ፋይበር ሌዘር ሌላ ነው። የሞገዱ ርዝመት ከ1,060 እስከ 1,080 ናኖሜትር ገደማ ስለሆነ ዓይናችን አያየውም። ስለማያየውም አይጨፈንለትም። ጨረሩ የፊቱን ሽፋን አልፎ ይገባል፤ የራስህ የዓይን ሌንስ ሰብስቦ ሬቲና (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን የውስጥ ጀርባ) ላይ ነጥብ ያደርገዋል። ሬቲና ደግሞ ሕመም አይሰማውም። ሳያምህ ይቃጠላል፣ የተቃጠለው ቦታም አይመለስም። የግድ በቀጥታ መምታት የለበትም፤ ከሚያብረቀርቅ አልሙኒየም ወይም መዳብ ነጥሮ የመጣውም ይበቃል።

ስለዚህ ስትሄድ መጀመሪያ የማሽኑን በር እይ። በሩ ሲከፈት ጨረሩን የሚያጠፋ ማብሪያ አለው። አንድ የማውቀው ቤት «ሥራ ያዘገያል» ብለው የማብሪያውን ማግኔት በፕላስተር አጣብቀውት ነበር። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ማሽኑ «ተዘግቷል» ብሎ ይቆርጣል! ማሽኑ ሽፋን የሌለው ከሆነ መነጽሩን ጠይቅ። የሚከላከለው የሞገድ ቁጥር ተጽፎበታል፤ የማሽኑ የራሱ የሞገድ ቁጥር በዚያ ውስጥ መግባት አለበት። ቁጥር የሌለው የገበያ መነጽር፣ ቀለሙ ምንም ይሁን፣ ዋጋ የለውም።

ሌላው ጭሱ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የጠዋቱን ብርድ ለአንተ አልነግርህም። በርና መስኮት ጥርቅም አድርጎ መሥራት ያምራል። ጭስ መሳቢያ ከሌለ ግን የብረቱ ብናኝ ሳንባህ ውስጥ ነው የሚያድረው። ቤቱ የማስታወቂያ ሥራም የሚቀበል ከሆነ ፒቪሲ የሚባለውን ፕላስቲክ በሌዘር ቁረጥ ቢሉህ እምቢ በል። ሃይድሮጅን ክሎራይድ ጋዝ ይወጣዋል፤ ጉሮሮና ሳንባ ያቃጥላል፣ ማሽኑንም ያዝገዋል። (ለባለቤቱ ስትነግረው ከማሽኑ ጀምር፤ ቶሎ ይሰማሃል።)

«ገና ሳልቀጠር መነጽር ብጠይቅ ጨቅጫቃ አልባልም?» ትል ይሆናል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የአደጋ መከላከያ ማቅረብን የአሠሪው ግዴታ አድርጎታል። አዋጁን ግን ይዘህ አትግባ። «ጋሼ፣ የዚህ ማሽን መነጽር የቱ ነው?» በለው ብቻ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው በጥያቄህ ይወድሃል። አውጥቶ ካሳየህ ግባ። ከሳቀብህ ብየዳው አለልህ።