ገርባ ጉራቻ ለማደር ላሰባችሁ

«አራት ጓደኛሞች ነን፤ ባሌ ተራሮች ወጥተን ገርባ ጉራቻ ሐይቅ ዳር ድንኳን መትከል አስበናል። ዕቃችንን ተሸክመን እንችለዋለን? ውሻዬንስ ልውሰደው?» ላልሽው እህቴ፣

መሸከሙን ትችሉታላችሁ፤ ግን ምን አሰቃያችሁ? ዲንሾ ላይ የፓርኩን መግቢያ ስትከፍሉ አስጎብኚም ፈረስም እዚያው ታገኛላችሁ። ድንኳኑና ምግቡ ፈረስ ላይ ይጫን። ጃኬትና ውኃ ግን ከእጃችሁ አይለይ። ፈረሱ ቀድሟችሁ ይሄዳል፤ ጃኬታችሁ እሱ ላይ ከቀረ አለቀላችሁ፣ ንፋሱ አይምርም።

ከመንገዱ ርዝመት ይልቅ የሚፈትነው ከፍታው ነው። ዲንሾ ራሱ 3,100 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ሐይቁ ደግሞ 3,950 ሜትር አካባቢ። ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነድታችሁ በማግስቱ ሐይቁ ዳር ካልደረስን አትበሉ። መጀመሪያ ዲንሾ፣ ቀጥሎ ዌብ ሸለቆ እደሩ። ከእኛ ጋር ከጂም የማይጠፋ ልጅ ነበር፤ ቀድሞ ያቃተው እሱ ነው። ራስ ምታቱ ከማቅለሽለሽ ጋር ከመጣና አልለቅ ካለ፣ መውረድ ነው። ክርክር የለም።

ከኅዳር እስከ ጥር ብትሄዱ ዝናቡ ይቀላል፤ ሌሊቱ ግን ይብሳል። ጠዋት ድንኳናችን አመዳይ ለብሶ፣ የኮዳው ውኃ ረግቶ በረዶ ሆኖ ነው ያገኘነው። ሰው ስለሚለብሰው ብቻ ያስባል፤ ብርዱ የሚገባው ግን ከመሬት ነው። የሚነጠፈው ላይ አትሰስቱ። ማታ ኮዳ ውስጥ ሙቅ ውኃ ሞልታችሁ እግራችሁ ሥር አድርጉት።

ምስር ምናምን ይዛችሁ እንዳትሄዱ! እዚያ ከፍታ ላይ ውኃ 87 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል፤ ጥራጥሬው ሳይበስል ጋዛችሁ ያልቃል። ሽሮ ይሻላል። ከሁሉም በሶ፤ እሳትም አይፈልግ። አስታ የሚባለውን የደጋ ዛፍ ቆርጦ ማንደድ ደግሞ ጨርሶ አይታሰብ።

ውሻሽን እቤት ተዪው። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያነሱ ናቸው፤ ከግማሽ በላይ ያሉት ባሌ ነው። ከውሻ የሚተላለፍ የእብደት በሽታ ደጋግሞ ፈጅቷቸዋል።

መመለሻችሁን በሳነቴ አምባ በኩል ካደረጋችሁት፣ ሹፌሩ መንገዱ ላይ የት እንደሚጠብቃችሁ ከዲንሾ ሳትነሱ ተነጋገሩ። ላይ ሆነን እንደውላለን ብላችሁ አትተማመኑ።